ዘጠኝ መቶ ዓመት የጎደለው መርዶ

«አንድ ዓይንሽን ጨፍኚና በሌላው እዪ» አሏት አባቷ። «ቱቦውን ደግሞ እንዳትነኪ። ቢሰበር እኔንም አንቺንም ቢሸጡን አይተካም።»

ሥራነሽ አንድ ዓይኗን ጨፈነች። ጀንበር ከጠለቀች ገና ብዙም አልቆየም። የጥር ሰማይ ከደብረ ማርቆስ በላይ ተወልውሎ የተሰቀለ ይመስላል። ከምሽጉ ግቢ ቁልቁል ሲታይ ከየጎጆው የእራት ጭስ ይወጣል። እሷ ግን ቁልቁል አልነበረም የምታየው፤ ሦስት እግር ባለው ረጅም መነጽር ውስጥ ወደ ላይ ነበር። ያየችውም ነገር አሳዘናት። ለዚህ ሁሉ ብረትና ብሎን፣ ለዚህ ሁሉ «አትንኪ፣ አትተንፍሺ» ቢያንስ ጨረቃን የሚያህል ነገር ጠብቃ ነበር። የታያት ግን ሰው የተነፈሰበት መስተዋት የመሰለ፣ ትንሽ፣ የደበዘዘ ጉም ነው።

«ታየሽ?»

«የቆሸሸ ነገር ይታየኛል። ቢጠረግስ?»

አባቷ ይህን አልተረጎሙትም።

የመነጽሩ ባለቤት ወጣት የጣሊያን መኰንን ነበር። ሥራው የጎጃምን ካርታ ማንሣት ነው። ይሁን እንጂ ከምሽጉ ርቆ መሬት የሚለካ ሰው በጥይት ስለሚመለስ፣ ማንም የማይተኩስበትን ሰማይ መለካት ጀመረ። የከተማው ሰው «ሰማይ ቆጣሪው» ይለዋል። «ዝም ብሎ እንዳይመስልህ፤ በኮከብ ራስ ግብር ሊጥልብን ነው» የሚሉም ነበሩ። ሥራነሽን ያስጠራት አገሩ እሷን የምታህል ልጅ ስላለችው ናፍቆት ነው። አባቷ አቶ ውበቱ ደግሞ የእሱ አስተርጓሚ ናቸው። አሥመራ ላይ አናጢ ሳሉ የለመዱት ጣሊያንኛ ለብዙ ነገር ይበቃቸዋል፤ እምቢ ለማለት ግን አይበቃም።

መኰንኑ እጁን እያወናጨፈ ረጅም ነገር ተናገረ። ድምፁ እየሟሟቀ፣ እየወረደ፣ እንደገና እየወጣ ሄዶ ሲያበቃ ሁለቱም ወደ አቶ ውበቱ ዞሩ።

«ፈንድቶ ነው ይላል» አሉ።

«ይህን ሁሉ አውርቶ?»

«ሌላው ጌጥ ነው።»

«አባባ፣ እባክዎ ጌጡንም ይንገሩኝ።»

አቶ ውበቱ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ኮከብ ነበር፤ ፈነዳ። ሲፈነዳ በጠራራ ፀሐይ ሳይቀር ይታይ ነበር አሉ። የቻይና ሊቃውንት አይተው ጽፈውታል። ይህ አሁን የምታዪው ፍርስራሹ ነው። ከፈነዳ ዘጠኝ መቶ ዓመት ገደማ ሆኖታል፤ እስከ ዛሬ ግን እየሰፋ ያበራል።»

«ከሞተ በኋላ?»

መኰንኑ ጥያቄው ሲተረጎምለት ሳቀና እንደገና ረጅም ነገር ተናገረ። «አዎ ይላል» አሉ አባቷ።

ከዚያም መኰንኑ መነጽሩን ትቶ በጣቱ አሳያት። ያቺ ቀላ ያለችው ኮከብ የበሬ ዓይን ናት፤ ከእሷ ወደ ላይ ሁለት ቀንድ ይወጣል፤ የፈነዳው ኮከብ ያለው ከአንደኛው ቀንድ ጫፍ አጠገብ ነው። «ቶሮ» አለ፤ በሬ ማለቱ ነው። አቶ ውበቱ ጥቂት አሰቡና «በእኛ ሠውር የሚባለው መሆኑ ነው» አሉ።

ወደ ቤት ሲወርዱ አባቷ ክንዷን ያዝ አደረጉ። «ይህን ለማንም እንዳታወሪ። ምድር ላይ ከእነሱ ጋር መታየታችን አንሶ ሰማይም አብረን ማየታችን ከተሰማ እንግዲህ ምን እንደምንባል እግዜር ይወቅ።»

ሥራነሽ እሺ አለች። ማንም ሲባል ግን የብርጓልን አይጨምርም ብላ አሰበች።

የብርጓል የልጅነት ጓደኛዋ ናት። የየብርጓል አባት አቶ ደምለው «መተማ ለንግድ ሄደዋል»። የሚባለው እንዲህ ነው። ከሄዱ ክረምት አልፎ ሌላ ክረምትም አልፏል። ምን እንደሚነግዱ፣ ለምን እንደማይመለሱ የጠየቀ ጎረቤት የለም፤ ሁሉም ያውቃላ! ጮቄ ተራራ ላይ የጣሊያንን የስንቅ ጭነት እየጠበቀ የሚተኩሰው ሰው ማን እንደሆነ የማያውቀው ጣሊያን ብቻ ነበር።

በማግሥቱ ሥራነሽ ምንጭ ስትወርድ የብርጓል ከሌሎቹ ልጃገረዶች ጋር ተቀምጣ አገኘቻት። እንስራዋን እንደ ወትሮው ከጓደኛዋ እንስራ ጎን አስቀመጠች።

«ከዚያ አንሺው» አለች የብርጓል።

«ምኑን?»

«እንስራሽን ነዋ። ከእኔ አጠገብ አታስቀምጪው።»

«ምን ሆነሻል አንቺ?»

«እኔማ ምን እሆናለሁ። ሰው ያወራል።»

«ምን ብሎ?»

የብርጓል ወደ ልጆቹ ዞር አለች። ይመኙሻል የምትባለው፣ ምላሷ ከወፍጮ ድንጋይ የማያንሰው ልጅ፣ ቀድማ መለሰች። «መሬቱን ለጣሊያን አስረክበው ሲጨርሱ፣ ማታ ማታ ደግሞ ሰማዩን ሊያስረክቡ ይወጣሉ ብሎ ነዋ!»

ሳቁ ከምንጩ ውኃ በልጦ ተሰማ። የብርጓልም ሳቀች። ሥራነሽን ያቃጠላት ይህ ነው፤ የይመኙሻል ምላስ አይደለም።

«አባቴ ቢያንስ የት እንዳሉ ይታወቃል» አለች ሥራነሽ።

የብርጓል ብድግ አለች። «የኔ አባት ኮከቡ ሠውር ነው! መሪጌታ ቢያዝን በስሙና በእናቱ ስም ቆጥረው ነግረውናል። ሠውር፣ ኃይለኛ በሬ፣ ጥይት የማይደፍረው። ያንቺ አባት ኮከብስ ምንድን ነው? ፍርፋሪ ለቃሚ ውሻ?»

በዚያን ጊዜ ኮከብ የሌለው ሰው አልነበረም። ሊቁ የሰውየውንና የእናቱን ስም ፊደላት ቆጥሮ፣ ደምሮ፣ ገድፎ ከአሥራ ሁለቱ አንዱን ያወጣለታል። ኮከቡ ደኅና የሆነ ሰው ደኅና ነው። ባሏ ወይም አባቷ ዱር የገባባት ሴት ሰማዩን የምታየው ለዝናብ ብቻ አልነበረም።

«ሠውር ፈንድቷል» አለች ሥራነሽ።

ሳቁ ቆመ።

«ምን አልሽ?»

«ፈንድቷል። በዓይኔ አይቼዋለሁ፣ በመነጽር። ቀንዱ ላይ ነው። የቀረው ጭሱ ብቻ ነው።»

የብርጓል አንድ እርምጃ ቀረበቻት። «መቼ?» አለች በቀጭን ድምፅ።

ቀላል ጥያቄ ነበር። መልሱም ቀላል ነበር፤ በሥራነሽ ምላስ ጫፍ ላይ ተቀምጧል። ዘጠኝ መቶ ዓመት። ግን ይህን ብትል ልጆቹ እንደገና መሬት ላይ እየተንከባለሉ ይስቁባታል። ከዘጠኝ መቶ ዓመት በፊት የፈነዳ ኮከብ ማንንም አያስፈራም።

«እኔ ምን አውቃለሁ! ፈንድቶ አየሁት ነው የምልሽ» አለችና እንስራዋን አዝላ ዳገቱን ተያያዘችው። ከኋላዋ የሳቀ አልነበረም። ደስ አላት። ኋላ ላይ ከተናገረችው ነገር ይበልጥ ያሳፈራት ይህ ደስታ ነው።

የየብርጓል እናት ወይዘሮ ወለተ ኪዳን ወሬውን በቀላሉ አልተቀበሉትም። ልጃቸውን «የልጅ ወሬ ይዘሽብኝ አትምጪ» ብለው ተቆጡና፣ ሳይቀመጡ ወደ መሪጌታ ቢያዝን ሄዱ። መሪጌታ ቢያዝን ደግ ሰው ናቸው። አንድ ጉድለት ብቻ አለባቸው፤ ይህን ሁሉ ዘመን ሲማሩ ሲያስተምሩ «አላውቅም» የሚለውን ቃል በግዕዝም በአማርኛም አልደረሱበትም። እሳቸው በቆጠሩት ሰማይ ላይ አንድ ኮከብ ፈንድቶ ፈረንጅ ሲያየው እሳቸው ሳያዩት ቀሩ መባሉ አልተዋጠላቸውም። ጢማቸውን እያሹ ብዙ ቆዩ።

«እኔም በሕልሜ አይቼው ነበር» አሉ በመጨረሻ። «እንዳላስደነግጥሽ ብዬ ነው እንጂ።»

ከአቶ ደምለው ዘንድ ከሐምሌ ወዲህ ወሬ አልመጣም ነበር። ያም ተጨመረበት። በማግሥቱ ጎሕ ሲቀድ ከቤታቸው ኡኡታ ተሰማ።

በዚያ አገር ጀግና በሹክሹክታ አይለቀስም። ሬሳው ከሌለ ካባው ይወጣል፣ የጥይት ቀበቶው ይወጣል፤ ያደረገው ሁሉ በሙሾ ይነገራል። ሥራው ሳይነገርለት የተለቀሰለት ሰው እንዳልተለቀሰለት ይቆጠራል። ስለዚህ ሁለት ክረምት ሙሉ አፉን ዘግቶ የኖረ ሰፈር በአንድ ጧት ከፈተው። ሥራነሽ በአጥሩ ቀዳዳ ታያለች። ወይዘሮ ወለተ ኪዳን ፀጉራቸውን ተላጭተዋል። ካባውን በእጃቸው ከፍ አድርገው ግቢውን እየዞሩ ሙሾ ያወርዳሉ፦

«ጮቄ ላይ ሲተኩስ መሬት ያልቻለውን፣
ማን ከሰማይ ወርዶ ጣለብኝ ደምለውን!»

ለቀስተኛው ተቀብሎ አስተጋባው። የብርጓል ፊቷን በጥፍሯ ትቧጥጣለች፤ ሁለት ሴቶች እጆቿን ይዘው ይታገሏታል። ትንሹ ወንድሟ ሙላት እናቱ ለምን እንደተላጩ አልገባውም፤ ራሳቸውን ሊነካ ይንጠራራል።

ሥራነሽ እስከ በሩ ሄደች። ገብታ «ቆዩ!» ብትል ይቆማሉ። ቆመው ያዳምጧታል፤ ከዚያ ምን እንደሚያደርጓት ደግሞ መገመት አያቅትም። የባንዳ ልጅ፣ ሰው ሳይሞት መርዶ አርጂ። ለቅሶው ሲበርድ እነግራቸዋለሁ አለች። ነገ፣ ቀስ ብዬ፣ ለየብርጓል ብቻ።

ነገ ግን የቀደማት አለ። ከለቀስተኛው መካከል አንዱ ሙሾውን በደንብ የያዘ ባንዳ ነበር። ጣሊያን ሁለት ዓመት ሲጠይቅ ያላገኘውን መልስ ቤት እየመታ አገኘው። በነጋታው ወታደሮች መጥተው ጎተራውን ገለበጡ፤ ሁለቱን የእርሻ በሬዎች ነዱ፤ ወይዘሮዋንም ሊያስሩ ገመድ አወጡ። የሰፈሩ ጭቃ ሹም አቶ እንዳላማው ከፊታቸው ቆመው ለመኗቸው። «ሰውየው ሞቷል እኮ! የሞተ ሰው ሚስት ብታስሩ ማን መጥቶ እጁን ሊሰጣችሁ ነው?» ነገሩ እውነት መሰላቸው። ገመዱን ለበሬዎቹ ተጠቀሙበት።

ማታ አቶ ውበቱ ራታቸውን እየቆረሱ፣ ዓይናቸውን ከመሶቡ ሳያነሡ አወሩ። «የምሽጉ አዛዥ፣ ሻለቃው፣ በጣም ተደስቷል። ደምለውን የገደለው የኔ ጦር ነው ብሎ ለአለቆቹ ልኳል። ተርጉም ብሎኝ እኔው ነኝ ለባንዶቹ የተረጎምኩት። ሁለት ባንዶች ደግሞ እኔ ነኝ የመታሁት፣ እኔ ነኝ እየተባባሉ ሊጋደሉ ነበር። እንግዲህ ጮቄን ማሰሱ ቀርቷል።»

ሥራነሽ ጉርሻዋን መሶቡ ላይ መለሰች። ሁሉም ከዚህ ሞት ድርሻ ድርሻውን ወስዷል፤ ሻለቃው ኒሻኑን፣ መሪጌታው ሕልሙን፣ ባንዶቹ ጉራቸውን። ሞተ የሚያሰኝ ነገር ያየ ግን አንድም ሰው የለም።

«አባባ» አለች። «ዘጠኝ መቶውን ዓመት አልነገርኳቸውም።»

መጀመሪያ አልገባቸውም። ከዚያ ቀስ በቀስ እየገባቸው ሲሄድ እጃቸው መሶቡ ላይ ቀረ። ይቆጡኛል ብላ ፈራች።

«ከእኔ ነው የተማርሽው» አሉ በመጨረሻ። «የሰው ንግግር ግማሹን እየዋጥኩ ነው የማሳድግሽ።» እጃቸውን ታጠቡ። «አሁን ግን ዝም በይ። ሞቷል ከተባለ አይፈልጉትም። ሕያው ነው ቢባል ሚስቱን ወስደው መያዣ ያደርጓታል። ሻለቃው ደግሞ ሐሰተኛ ከሚባል ሰፈሩን ቢያቃጥል ይመርጣል።»

ዝም በይ መባል እንደዚያን ሌሊት ደስ ብሏት አያውቅም። ዝምታዋ ፍርሃት ሳይሆን ብልሃት ሆኖ ተገኘ። እንቅልፍ ወሰዳት።

ይህ ብልሃት እስከ ሐሙስ ቆየ። ሐሙስ አቶ ውበቱ ሲገቡ ከበሩ ሳያልፉ ቆሙ።

«ወለተ ኪዳን ቅዳሜ መርጡለ ማርያም ልትሄድ ነው» አሉ። «ልትመነኩስ። ልጆቹን ቁይ ያለው ወንድሟ ይወስዳቸዋል።»

«ይመለሳሉ?»

«ቆብ ጭና? ቆብ የጫነች ሴት ወደ ትዳር አትመለስም ልጄ። ባል ለእሷ ሞቷል፤ እሷም ለዓለም ሞታለች።» ጋቢያቸውን ሰብሰብ አደረጉ። «ደምለው አንድ ቀን ቢመጣ ባዶ ቤት ነው የሚያገኘው።»

ሥራነሽ አባቷን አየቻቸው። ዝም በይ ይሉኛል ብላ ጠበቀች። አላሉም። ሂጂም አላሉም። በሩ ላይ እንደቆሙ፣ መንገድ ሳይለቁላትም ሳይዘጉባትም፣ ውጭ ውጭውን ያያሉ።

ዓርብ ጧት የብርጓል እንስራዋን አዝላ ወደ ምንጭ ስትወርድ ጠብቃ ገባች። ግቢው ውስጥ አንዲት ጎረቤት እህል ታበጥራለች። ወይዘሮ ወለተ ኪዳን ከውስጥ መደብ ላይ ተቀምጠዋል፤ አጠገባቸው የመንገድ ቋጠሮ አለ። የተላጨ ራሳቸው ትንሽ፣ የልጅ ራስ ይመስላል።

«እትዬ፣ ኮከቡ የፈነዳው መቼ እንደሆነ የብርጓል ጠይቃኝ ነበር» አለች ሥራነሽ። ቆማ ነው የተናገረችው፤ ከተቀመጠች እንደማትጨርሰው ታውቃለች። «ሳልነግራት ቀረሁ። ዘጠኝ መቶ ዓመት ገደማ ሆኖታል።»

«ምን?»

«ዘጠኝ መቶ ዓመት። እርስዎም ጋሼ ደምለውም ሳትወለዱ፣ አያት ቅድመ አያቶቻችሁም ሳይወለዱ። የሠውር ኮከቦች ሁሉ አሉ፣ ከብዙዎቹ አንዱ ብቻ ነው የፈነዳው። ስለ ጋሼ ደምለው የነገረኝ የለም። ስትስቅብኝ ጊዜ ላስደነግጣት ብዬ ነው።»

ወይዘሮ ወለተ ኪዳን አዩዋት። ይመቱኛል ብላ ጠበቀች፤ ቢመቷት ደስ ባላት። እሳቸው ግን ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። ሳቅ ነበር። ክፉ፣ ደረቅ፣ ከሆድ የሚመጣ ሳቅ። እንዳይሰማ የነጠላቸውን ጫፍ አፋቸው ውስጥ ጠቀጠቁት። ከውጭ ጎረቤታቸው ሰፌዷን አቁማ «ኧረ ተይ ወለተ ኪዳን፣ አይዞሽ! እንባሽ ያልቃል!» ብላ ተጣራች።

ሳቁ ሲያልቅ በእርግጥ እንባ ነበር።

«አለ ማለትሽ ነው?»

«አላውቅም፣ እትዬ። መሞታቸውንም አላውቅም፣ መኖራቸውንም አላውቅም። የማላውቀውን ነው እንደማውቅ የተናገርኩት።»

«እንግዲያው እኔም እንደ ድሮዬ ነኝ» አሉ ቀስ ብለው። «የማታውቅ ሴት።» እጃቸውን ወደ ራሳቸው ሰደዱት። «ፀጉሬስ ይበቅላል። በሬዎቼን ግን ማን ይመልስልኛል? ዘንድሮ በምን አርሳለሁ? ንገሪኝ እስቲ።»

 መልስ ግን አልጠበቁም። ቋጠሯቸውን ወደ ጉልበታቸው ሳቡና በጥርሳቸው ፈቱት፤ አንድ በአንድ እያወጡ መደቡ ላይ አስቀመጡ።

«ተዝካሩን ሳላወጣ አልሄድም እላለሁ። ድሃ ናት፣ እስክታጠራቅም ነው ይሉኛል። ማን ያውቃል ከዚህ ሌላ?»

«አባባ ብቻ።»

«አባትሽ ዝም ማለት ያውቅበታል።» ይህን ያሉት ለምስጋና ይሁን ለስድብ አልለየም። «አንቺ ደግሞ ስሚኝ። ለየብርጓል አትነግሪያትም።»

«እትዬ! እሷ እኮ—»

«አትነግሪያትም። ያቺ ልጅ ሐዘኗን ብትደብቅ ትችል ይሆናል፤ ደስታዋን ግን አትችልም። አንድ ቀን ምንጭ ላይ ስቃ ብትገኝ ቤቱን ያቃጥሉብናል። የሚያድነን የእሷ እንባ ነው።» ድምፃቸው ተሰበረ፤ መልሰው አቀኑት። «እኔ እናቷ እያየኋት እችለዋለሁ። አንቺም ትችዪዋለሽ። ከዛሬ ጀምሮ አትቅሪ። በየቀኑ እየመጣሽ አብረሻት ተቀመጪ። ባንዳ ቢሉሽም፣ ቢያባርሩሽም ነይ።»

በር ላይ ኮቴ ተሰማ። የብርጓል ገባች። እንስራዋን አውርዳ ቀና ስትል ሥራነሽን አየችና ባለችበት ቀረች። ፊቷ ላይ የጥፍሯ ሰንበር ገና አልደረቀም።

«መጣሽ?» አለች።

«መጣሁ።»

«አትመጣም ብዬ ነበር።» የብርጓል መሬት መሬቱን አየች። «ምንጭ ላይ ያልኩሽን... ይቅር በይኝ። አንቺ እውነቱን ነገርሽኝ፣ እኔ ግን አባትሽን ሰደብኩ።»

ሥራነሽ ወደ ወይዘሮ ወለተ ኪዳን አላየችም። አፏ ውስጥ ያለው ቃል ሙሉ፣ ያልጎደለ፣ ከነዓመቱ ነበር። ጥርሷን ነከሰችበት።

የብርጓል ከመደቡ ጥግ፣ ግድግዳውን ተደግፋ ተቀመጠች። ሥራነሽ ነጠላዋን አወለቀችና ጥለቱን ወደ ላይ ገልብጣ፣ ሐዘንተኛ እንደሚለብሰው ለበሰችው። ከዚያ ሄዳ ከፊቷ ቆመች። የብርጓል ቀና ብላ ሳታይ ትንሽ ጠጋ አለችላት።